ከንፈር የሚያውቀው ድንጋይ

አማቴ አልማዝን የሚያውቁት በከንፈራቸው ነበር። ዓይናቸው ደህና በነበረበት ጊዜ እንኳ ቀለበቷን ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩዋት አላየሁም። ድንጋይዋን የታችኛው ከንፈራቸው ላይ ያሳርፏትና ዝም ይላሉ። መስታወት የሰው ትንፋሽ ሲነካው ወዲያው ይሞቃል፣ የእውነት አልማዝ ግን ቶሎ አይሞቅም፤ ይህን ያስተማሯቸው ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸው ደግሞ የሰሙት በወጣትነታቸው አስመራ ጋራዥ ሲሠሩ ቀለበቷን ከሸጠላቸው ጣልያን ወርቅ ሠሪ ነው።

ቀለበቷ ትንሽ ናት። ቀጭን የወርቅ ክብ፣ በአራት ጥፍር የተያዘች የምስር ክክ የምታህል ድንጋይ፣ በቃ። ነገር ግን በሰፈራችን ለእጮኛ አልማዝ ማሰር የተለመደ ስላልነበረ፣ መቀሌ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወደ ውቅሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ሴቶች ሁሉ ያውቋታል። እኔ ደሴ ተወልጄ ለትምህርት መቀሌ መጥቼ እዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ያጨኝ ዕለት አማቴ ቀለበቷን ከራሳቸው ጣት አወለቁ፣ ከንፈራቸውን አስነኳት፣ እኔ ጣት ላይ አጠለቋት። “ጓለይ፣ ወንድ ልጅ ስትወልጂ ለሚስቱ ትሰጪያታለሽ” አሉኝ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው፣ ሴት ልጄ። ከትግርኛ መጀመሪያ ልቤ የገባችው ቃል እሷ ናት።

ያችን ቀለበት ያጎደልኳት እኔ ነኝ። ማንም አልሰረቃትም፣ መንገድ ላይም አልወደቀችም። በገዛ እጄ ነው።

ጦርነቱ መጥቶ ስልክ ሲቋረጥ ባለቤቴ ሽሬ ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለአንድ ወር ሥራ ብሎ የሄደ ሰው ወሬው ጠፋ። ወር አልፎ ወር ሲተካ ከሽሬ የመጣ ሰው ሁሉ ቤታችን እየተጠራ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ አንዱ አይቼዋለሁ ይላል፣ አንዱ አላየሁትም ይላል፣ አንዱ ደግሞ አይቼዋለሁ ያለውን ሰው አይቼዋለሁ ይላል። በዚያ ላይ የሰፈሩ ሴቶች እኔ ስገባ ወሬ ማቋረጥ ጀምረው ነበር። የወሎ ልጅ መሆኔ ያን ሰሞን ከኔ በፊት በር ይገባ ነበር። አማቴ አንድ ቀን ይህን ታዘቡና፣ ይህች የኔ ልጅ ናት፣ እሷ ፊት የማይነገረውን ከቤቴ ውጪ ሄዳችሁ ተናገሩት ብለው ሦስት እንግዶች ከነጠላቸው አስወጡ። ካላቸው ቂጣ ትልቁን ለኔና ለሁለቱ ሴቶች ልጆቼ እየቆረሱ፣ እኔ ጾመኛ ነኝ ይሉ ነበር። የምን ጾም እንደሆነ ብጠይቃቸው የራሴ ጾም ነው ይላሉ።

እንዲህ ያሉ ሴት ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሠራሁት ሲሰማ ክብደቱ እንዲታወቅልኝ ነው።

አንድ ጠዋት ሰፈራችን ያለችው ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሜ ተሳልኩ። ባሌን በሕይወት ከመለስሽልኝ ጣቴ ላይ ያለችውን ቀለበት እሰጥሻለሁ አልኳት። አስቤበት አይደለም፤ ሌላ የምሰጣት ነገር አልታየኝም። አንገቴ ላይ እናቴ ደሴ ስሸኝ ያጠለቀችልኝ የወርቅ ሐብል ነበር፣ ከልብሴ ሥር። እሱን ግን አልተሳልኩም። እጄን ሳነሳ ዓይኔ ያረፈው ቀለበቷ ላይ ነበር፣ አፌም እሷኑ ጠራ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገሬ ሰው። ወደ ቤት ስመለስ ነው የሰው አደራ እንደተሳልኩ የገባኝ።

ባለቤቴ አንድ ከሰዓት በኋላ በእግሩ መጣ፤ ዱላ ይዟል፣ ጢሙ ደረቱ ደርሷል፣ ትንሿ ልጄ ለማኝ መስሏት ዳቦ ልታመጣለት ሮጠች። አማቴ ደጃፍ ላይ ተንበረከኩ። እኔም አለቀስኩ፣ አቀፍኩት፣ እግሩን አጠብኩ። ነገር ግን የምደብቀው ነገር አለኝ፤ በር ላይ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ ሐሳቤ ውስጥ የገባው እሱ ሳይሆን ቀለበቷ ናት። አሁን እንዴት እሆናለሁ አልኩ። ባሌ ከሞት ተርፎ ቆሞ፣ እኔ ስለ ወርቅ።

ለጥቂት ወራት ዝም አልኩ። በማርያም በኩል ማለፍ ስላስፈራኝ ገበያ ስሄድ በሌላ መንገድ እዞር ነበር። ስለቱን ለአማቴ ብነግራቸው ምን ይሉኝ ነበር? ምናልባት ምንም። እኔ ግን እሳቸው ባደሉኝ ቁጥር ጥፋቴ እየከበደ ይታየኝ ነበር፤ እንዲህ ለተከራከሩልኝ ሴት የሰጡኝን አሳልፌ ተሳልኩት ማለት አቃተኝ። በመጨረሻ ብልጠት መጣልኝ። ውዱ ነገር ድንጋይዋ ናት፣ ወርቁ ቀጭን ነው፤ ለማርያም ውዱን ልስጥ፣ ወርቁ ለቤቱ ይቅር። ለሁለቱም የሚበቃ መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ስሌት ከሽማግሌ ዘንድ ቢሄድ ሳቅ ነው የሚያስከትለው፣ እኔ ግን ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ።

አማቴ ለማኅበር የወጡ ቀን የባለቤቴን የሥራ ሣጥን ከፍቼ ትንሿን ፒንሳ አወጣሁ። አራቱ ጥፍሮች በቀላሉ አልተከፈቱልኝም፤ አንዱ ተሰበረ፣ አንዱ ጠመመ። ድንጋይዋ መዳፌ ላይ ስትወድቅ ምንኛ እንዳነሰች ገረመኝ። በጥጥ ጠቅልዬ፣ በወረቀት አድርጌ፣ ወረቀቱ ላይ “ስለት” ብዬ ጻፍኩና በማግስቱ ምጽዋት መክተቻው ሣጥን ውስጥ ጨመርኳት። ለቄስ አልተናገርኩም፣ ለማንም አልተናገርኩም። ስትወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበራትም።

ለአማቴ ያልኳቸው፣ ጣቴ ስለቀጠነ እንዳትወድቅብኝ አስቀመጥኳት ነው። ያን ጊዜ የማን ጣት ነበር ያልቀጠነ? አመኑኝ። እንዲያውም ጎበዝ፣ አስተዋይ ነሽ አሉኝ። እያደር ግን ወፈርኩ። የትምህርት ቤት ደመወዝ ተመለሰ፣ ዳቦው ተመለሰ፣ የእጄ ጣት የሕፃን ክንድ መሰለ። አማቴ እጄን ዳብሰው ይስቃሉ፤ አሁንማ ቀለበቷ አልገባ ብትልሽ ነው እንጂ ብትወድቅብሽማ አይደለም ይላሉ። እኔም እስቃለሁ። የሌባ ዓይነ ደረቅ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ያህል አለፈ። አምና ጥቅምት ላይ አማቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ጠሩኝ። ዓይነ ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ስለጋረደው ሰውን የሚለዩት በኮቴው ነበር፤ ኲሓ ሆስፒታል ሄደው እንዲታከሙ ለታኅሣሥ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ቀለበቷ መኖሯን ጠየቁኝ። አለች፣ አደየ፣ አልኩ፤ እናቴ ማለቴ ነው። ለኅዳር ጽዮን አምጪልኝ፣ ከመታከሜ በፊት እፈልጋታለሁ አሉ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም ብዬ።

የማውቀው መስሎኝ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ቃላሚኖ ትምህርት ቤት ያስተምራል፤ የዚያን ሰሞን ልጅ ወዶ፣ ሽማግሌ ሊላክ ቤታችን በሽር ጉድ ላይ ነበር። እኔ የወለድኩት ሁለት ሴቶች ነው። ቀለበቷ ወደ ታናሹ ሙሽራ ልትዞር ነው አልኩ። በኅዳር ከንፈራቸው ይመረምራታል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ዓይናቸው ይከፈታል።

የወርቅ ቤቶቹ ከተደረደሩበት መንገድ ጀርባ አንድ የድንጋይ ነጋዴ እንዳለ ሰምቼ ነበርና ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ሰውየው ገና ሁለት ቃል ሳልናገር፣ አንቺ የደሴ ልጅ ነሽ አይደል እህታለም አለኝ። እሱም የወሎ ሰው ነው፣ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ መቀሌ የሚነግድ፤ ዕቃውን ወንድሙ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይልክለታል፣ እሱ አሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ ድረስ ሄዶ ይቀበላል። ያገሬን አነጋገር ከሰማሁ ቆይቶ ስለነበር ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ፣ ለምን እንደመጣሁ ሳስታውስ።

ባዶዋን ቀለበት ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩለት። በአጉሊ መነጽር አይቶ ምላሱን ጠቅ አደረገ። ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ፈታ፤ ድንጋዮቹን እንደ መድኃኒት ዱቄት በታጠፈ ወረቀት ነው የሚያስቀምጣቸው። ኦፓል ነበር፣ ወሎ ደላንታ የሚወጣ። ሲያዘነብለው ቀይ ይሆናል፣ ሲያቀናው አረንጓዴ። የሰፈርሽ ልጅ ናት፣ ይቺን ውሰጃት አለኝ። ቀጥሎ ከአክሱም ወዲያ የሚለቀም ሰማያዊ ሳፋየር አሳየኝ፤ የባልሽ አገር ልጅ ይቺ ናት አለ። ሁለቱም ያምሩ ነበር። ማንንም ለማታለል የማልፈልግ ብሆን ከሁለቱ አንዱን ወስጄ በኩራት አጠልቅ ነበር። ነጭ ነው የምፈልገው አልኩ፣ አልማዝ የሚመስል።

ሦስት ወረቀት ፈታ። በመጠን እኩል የሚመስሉ ሦስት ነጭ ድንጋዮች። ያለ አጉሊ መነጽር ለኔ አንድ ነበሩ። በብዙ ድፍረት፣ ከንፈሬን ላስነካቸው እችላለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ እህታለም፣ ድንጋይ የሚገዛው በዓይን ነው አለኝ። ቢሆንም በንጹሕ ጨርቅ ወልውሎ ሰጠኝ። አንዲት ወፍራም የአማርኛ መምህርት በጠራራ ፀሐይ ሱቅ ውስጥ ቆማ ድንጋይ ስትስም፣ ደጅ የቆመ አንድ ደንበኛ አይቶን ፊቱን አዞረ።

የመጀመሪያው ዚርኮን የሚሉት ነው። ሦስት ሳልቆጥር ሞቀ። ሁለተኛውን ሳስነካ ከንፈሬ ደነገጠ፣ ቅዝቃዜው የአማቴን ቀለበት አስታወሰኝ። እሱ የእውነት አልማዝ ነበር፣ ከአሮጌ ቀለበት የወጣ፣ ትንሽ ቢጫ የሚያጠላበት። ሦስተኛውም ቀዘቀዘኝ፣ ከሁለተኛው ልለየው አልቻልኩም። ይህኛው ምንድን ነው አልኩ። ሞይሳናይት ይባላል፣ ፋብሪካ ውስጥ ነው የተሠራው አለኝ። አልማዝ ሲነካ የሚጮኸውን መመርመሪያ ብዕሩን ቢያስነካው ጢጥ አለ። ብዕሬንም ያታልላል፣ እኔንም ካልተጠነቀቅኩ ያታልለኛል አለ እየሳቀ።

የአልማዙን ዋጋ ነገረኝ። ከደመወዜ የሚወጣ አልነበረም። ሳላውቀው እጄ ወደ አንገቴ ሄደ፣ ወደ እናቴ ሐብል። ሐብሉን ብሸጠው አልማዙን እገዛ ነበር፣ ጥቂትም ይተርፈኝ ነበር። ያን ሁሉ የረሃብ ወራት ያልሸጥኩት የእናቴ መታሰቢያ ስለሆነ ነው፤ አሁንስ እንዴት እሸጠዋለሁ አልኩ ለራሴ። የአማቴን መታሰቢያ በፒንሳ የነቀልኩ ሰው፣ ለእናቴ መታሰቢያ ስሳሳ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ተሰማኝ። ተሰምቶኝም ሞይሳናይቱን ስጠኝ አልኩ።

ነጋዴው ለማን ነው ብሎ ጠየቀ። ዳግመኛ የማላገኘው ሰው ነው ብዬ ይሆን፣ ወይም የአገሬ አነጋገር አስለፍልፎኝ፣ ሁሉን ነገርኩት። ስለቱን፣ ፒንሳውን፣ ጥጡን። ጨርሼ ዝም ስል፣

“በሬ ተስለሽ ቀንዱን ነዋ የሰጠሽው” አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ፣ ከዚያ ተናደድኩ። እሱ ግን አልሳቀም። አብሽሪ አለኝ፣ ከዚያም እኛ ዘንድ የአላህ ሐቅና የሰው ሐቅ ይለያያል፤ የራሱን ሐቅ አላህ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን የሚምረው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ለሴትየዋ ብትነግሪያቸው ይሻልሻል አለኝ። እኔ የመጣሁት ድንጋይ ልገዛ እንጂ ምክር ልገዛ አይደለም አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ፤ ምንም ቅሬታ ፊቱ ላይ አልነበረም፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ድንጋይዋን ያስገቡልኝ እዚያው ጎረቤት ያሉ አዛውንት ወርቅ ሠሪ ናቸው። ጥፍሮቹን ሲያዩ ይህን በምን ነው ያወለቁት አሉኝ። እንጃ አልኩ። በፒንሳ ነው፣ ማን ነው እንዲህ የጨከነባት አሉ። እንጃ አልኩ ለሁለተኛ ጊዜ። የተሰበረውን ጥፍር ሠርተው፣ የጠመመውን አቃንተው፣ ወልውለው ሰጡኝ። ከድሮዋ ይልቅ አበራች። ቤት ስገባ ጠቆር እንድትል ወርቁን በጥላሸት አሸሁት። እንዲህ ያለው ብልሃት ከየት እንደሚመጣልኝ አላውቅም፤ ለደግ ነገር ስፈልገው ግን አላገኘውም።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ፣ ውርጭ ባለበት ጠዋት፣ ቀለበቷን ለዋስትና እንድትቀዘቅዝ መስኮት ላይ አሳድሬያት ወደ አማቴ ወሰድኳት። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱን እጃቸውን ዘረጉ። በጣታቸው የወርቁን ክብ ዞረው፣ ጥፍሮቹን ቆጠሩ። ከዚያ ወደ ከንፈራቸው ወሰዷት። ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ያዟት።

“እሷ ናት” አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አሳፋሪ እፎይታ አላውቅም። ልወጣ ስነሳ ግን ቀሚሴን ያዙና አስቀመጡኝ።

“ጓለይ፣ አንቺ አታውቂም” አሉ። “ልጄ የጠፋ ጊዜ ለማርያም ተስያለሁ። እኔ ምን አለኝ? ከብት የለኝ፣ መሬት የለኝ። ጣትሽ ላይ ያለችውን ቀለበት ተሳልኩ። የሰጠሁሽን መልሼ ተሳልኩት። ሲመጣ ደግሞ አውልቂና ስጪኝ ማለት አፈርኩ። በማርያም ባለፍኩ ቁጥር በነጠላዬ ፊቴን እሸፍናለሁ። ዓይኔም የጨለመው ለዚሁ ይሆናል። ይቅር በይኝ።”

ይህን ብለው ዝቅ አሉ፣ ጉልበቴን ሊስሙ። አነሳኋቸው። ይቅር ለእግዜር አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት፣ ለሳቸው።

የዚያን ቀን ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። ተማሪዎቼን ያስተማርኩ ይመስለኛል። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዞር ነበር፤ ያችኑ ቀለበት፣ ስለዚያው ሰው፣ ለዚያችው ማርያም፣ ሁለታችን ተስለናታል። እሳቸው ነገ ስለታቸውን በሙሉ ልብ ይሰጣሉ፣ ሲሰጡም እኔ የገዛሁትን ውሸት ይሰጣሉ። የኔ ኃጢአት በኔ ቢቀር ጥሩ፣ የሳቸውን ስለት አብሬ አበላሸሁት።

በማግስቱ ነጭ ለብሰው ክንዴን ይዘው ወጣን። ቀለበቷን የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረዋታል። መንገዱ በሰው ሞልቶ ነበር፣ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። እሳቸው እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ስለ ባለቤታቸው፣ ስለ አስመራ፣ ቀለበቷን በምን ወረቀት ጠቅልለው እንዳመጡላቸው ያጫውቱኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ጫማቸውን አውልቀው ጉበኑን ተሳለሙ። እኔ አልተራመድኩም። ምን ሆነሻል አሉኝ። አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸውና ከሥራቸው ተንበርክኬ ነገርኳቸው። ድንጋይዋን ያወጣሁበትን ቀን፣ ያኖርኩበትን ሣጥን፣ የገዛሁትን ነገር፣ መስኮት ላይ ማሳደሬን ሳይቀር።

ሰው እየተጋፋ በአጠገባችን ያልፋል። ከዚያ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ቀለበቷን እንደገና ከንፈራቸው ላይ አኖሯት። ቆይተው አወረዷት።

“ዓይኔ ቢከዳኝ ከንፈሬ አለ ብዬ ነበር” አሉ።

ቢመቱኝ እመርጥ ነበር። ስለ አልማዙ አልነበረም ያዘኑት። ጨለማ ውስጥ ከቀራቸው የሚያምኑት አንድ ነገር ነበረ፣ እሱን ነው የወሰድኩባቸው። የዚያን ቀን ካጠፋሁት ሁሉ እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው።

ጥቂት ቆይተው፣ ለቄሱ ነግረሻል ወይ አሉኝ፣ ድንጋይዋን ስትሰጪ። አልነገርኩም አልኩ። በጥጥ ጠቅልለሽ? አዎ። ዋእ፣ እንግዲያውስ ጠርገው ጥለዋታል አሉ። ይሳቁ ይቆጡ አልለየሁም። ከዚያ ቀለበቷን ሰጡኝና፣ ሂጂ ድንጋይዋን አውጪያት፣ ለማርያም ውሸት አልሰጥም፣ እዚሁ እጠብቅሻለሁ አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ጓለይ የሚለው ቃል አልነበረም።

ቤት ሮጥኩ። ያችኑ ፒንሳ አወጣሁ። አዛውንቱ የሠሩት ጥፍር እንደገና ተሰበረ። ስመለስ አማቴ ከዚያችው ድንጋይ ላይ አልተነቃነቁም፤ አንዲት ሴት ለማኝ መስለዋት ጉልበታቸው ላይ ሳንቲም ትታላቸው ሄዳለች። ተያይዘን ገባን። ስለት ለሚቀበሉት ቄስ ባዶዋን ቀለበት ሰጡና፣ ወርቁ የኔ ነው፣ ድንጋዩ የምራቴ ነው፣ እሱ ቀድሞ መጥቷል አሏቸው። ቄሱ ነገሩ አልገባቸውም፤ ባርከው ተቀበሉ። እኔ እዚያው እንባዬ ፈሰሰ። ሁለታችን ተጋግዘን አንድ ቀለበት ሰጠን፣ እሱም ምናልባት ግማሹ ቆሻሻ ላይ ተጥሏል።

ለሁለት ሳምንት ያህል ከሚያስፈልገው በላይ አላናገሩኝም። ቁርስ ሳቀርብ ይባርካሉ፣ በቃ። ለልጄ አትንገሪው ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። ኲሓ የታከሙ ማግስት ፋሻው ሲነሳ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ። ዓይናቸውን ደጋግመው ጨፍነው ከፈቱ፤ መጀመሪያ እጄን አዩ፣ ባዶ ጣቴን፣ ከዚያ ፊቴን።

“በጣም ወፍረሻል፣ ጓለይ” አሉኝ።

ቃሏ ተመለሰችልኝ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ባለቤቴ ከፊት ተቀምጦ ሳይሰማ፣ ይህ ልጅ በርካሽ ነው የተገኘው፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ቀለበት ገዛነው ብለው በጆሮዬ ሳቁ። ሰው ይህን ቢሰማ ታሪኩ በሰላም አለቀ ይላል። እኔም ለጥቂት ጊዜ እንዲያ ብዬ ነበር።

ግን አንድ ነገር አልነገርኳቸውም። አጥሩ ሥር ያናገረኝ ፍርሃት ነው። ማርያምን ፈርቼ ነው እንጂ ለአማቴ አዝኜላቸው አይደለም። ቀለበቷ እንደገመትኩት ለታናሹ እጮኛ ብትሆን ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር። ያችን ልጅ ሙሉ ዕድሜዋን የሐሰት ድንጋይ አስሬላት፣ በሠርጓ ቀን እልል እልላት ነበር። ስለቱን ፈጽመናል፤ ይህን ግን ማንም አላየውም፣ ስለዚህ ማንም ይቅር አላለኝም።

ታናሹ በጥር አገባ። ሙሽራይቱ ተራ የወርቅ ቀለበት ነው ያላት፣ ከገበያ የተገዛ፣ ድንጋይ የሌለው። ከኛ ጋር አንድ ግቢ ትኖራለች፤ ሓፍተይ ትለኛለች፣ እህቴ ማለት ነው፤ ልጆቼን ታስጠናለች፣ እኔ ትምህርት ቤት ስዘገይ ምሳ ታኖርልኛለች። በዚያች ጣቷ ሳህን በዘረጋችልኝ ቁጥር ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ባለፈው ሰሞን ክር ፈልጋ የስፌት ሣጥኔን ከፈተች። አንዲት የታጠፈች ወረቀት አውጥታ ፈታች። በመስኮቱ ብርሃን ድንጋይዋ መዳፏ ላይ ተንቦገቦገች።

“ይህች ምንድን ናት?” አለች። “ታምራለች።”

“ውሸት ናት” አልኳት።

“ለማን ነበረች?”

ክሩ ሌላ ሣጥን ውስጥ ነው ልላት እችል ነበር። እንጃ ማለትም ለምጄበታለሁ።

“ላንቺ” አልኩና፣ ተቀመጪ ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።